በሥራ ላይ ያሉ ኦብጀክቶችን በሰው ሰራሽ አስተውሎት መመርመር

የሞባይል መተግበሪያ ሲበላሽ ምክንያቱ ኮዱን በማንበብ ብቻ ሁልጊዜ አይገኝም። መተግበሪያው እየሠራ ሳለ በማህደረ ትውስታ ውስጥ የተፈጠሩት ኦብጀክቶች (መረጃንና በእርሱ ላይ የሚሠራ ኮድን አንድ ላይ የያዙ የመተግበሪያው ክፍሎች) በዚያች ቅጽበት ምን እንደያዙና የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ማየት የግድ ይሆናል። ይህ ለዓመታት ዲበገር (እየሠራ ያለን ፕሮግራም አቁሞ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ) ከፍቶ የተቀመጠ ባለሙያ ሥራ ነበር። ዛሬ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ረዳቶች ዲበገሩን ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ መልሱን አንብበውም ቀጣዩን ጥያቄ ያቀርባሉ። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል፣ ረዳቶች ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚነጋገሩበትን ወጥ ሥርዓት ስላበጀ ረዳቱንና ዲበገሩን ማገናኘት ቀሏል። አስቸጋሪው ረዳቱ መተግበሪያውን ሳያውክ እንዲመረምር ማድረጉ ነው።

ማንበብ ምንም አይነካም የሚለው ግምት እዚህ አይሠራም። በአይፎን መተግበሪያዎች ውስጥ አንድን ገጽ የሚያስተዳድረው ኦብጀክት «ቪው» የሚባል ፕሮፐርቲ (በስም የሚጠራ የኦብጀክቱ እሴት) አለው። ገጹ ገና ያልተከፈተ ቢሆን እንኳ ይህን ፕሮፐርቲ ማንበብ ብቻ ገጹ እንዲገነባ፣ ከግንባታው ጋር የተያያዘውም ኮድ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ኮዱ ከሰርቨር መረጃ የሚያመጣ ከሆነ ጥያቄው ይላካል። «ገጹ ለምን አልተጫነም?» ብሎ የገባ መርማሪ በጥያቄው ራሱ ጭኖት «ተጭኗል» የሚል መልስ ይዞ ይወጣል። ከአይኦኤስ 9 ጀምሮ ገጹ ተገንብቶ ከሆነ ብቻ የሚመልስ፣ ካልሆነ ባዶ የሚሰጥ ሌላ ፕሮፐርቲ አለ፤ መርማሪ መሣሪያ መጠየቅ ያለበት እርሱን ነው።

ከአፕሉ የመተግበሪያ መሥሪያ ከኤክስኮድ ጋር የሚመጣው ኤልኤልዲቢ የተባለው ዲበገር ይህን ልዩነት በትእዛዞቹ ለይቶታል። በብዛት የሚጻፈው «ፒኦ» የተሰጠውን ሐረግ እንደ ኮድ አቀናብሮ በመተግበሪያው ውስጥ ያስኬዳል፤ ከዚያም ኦብጀክቱ ራሱን እንዲገልጽ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኤክስኮድ 10.2 ጋር የመጣው «ቪ» ግን ኮድ ሳያስኬድ ተለዋዋጮቹን በቀጥታ ከማህደረ ትውስታ ያነባል። በሚጠሩበት ጊዜ የሚሰሉ ፕሮፐርቲዎችን ማሳየት አይችልም፤ ለረዳት መነሻ ሊሆን የሚገባው ግን እርሱ ነው። ባለሙያ «ፒኦ» ከመጻፉ በፊት ያመነታል፤ ረዳት ያለ ማመንታት ደጋግሞ ይጽፈዋል።

የአፕል መተግበሪያዎች የሚጻፉበት ኦብጀክቲቭ ሲ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ባለበት ከማወክ የከፋ አደጋ አለ። ረዳቱ ከቀደመ ውጤት ያገኘውን አድራሻ (ኦብጀክቱ በማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለበትን ቦታ ቁጥር) ይዞ ሲመለስ ኦብጀክቱ ተለቅቆ ሊሆን ይችላል፤ አንዷን አሐዝ አሳስቶ ሊጽፍም ይችላል። ወደዚያ አድራሻ መልእክት መላክ፣ ማለትም ኦብጀክቱን አንድ ሥራ እንዲሠራ መጠየቅ፣ መተግበሪያውን ሊጥለው ይችላል። ጠንቃቃ መሣሪያ አስቀድሞ ይፈትሻል፦ ቦታው ይነበባል? የተጻፈበት የክላስ ጠቋሚ (የኦብጀክቱ ዓይነት ወደተገለጸበት ቦታ የሚያመለክት አድራሻ) ከታወቁት ክላሶች ዝርዝር ውስጥ አለ? የተመደበለትስ ቦታ የዚያን ክላስ ኦብጀክት ለመያዝ ይበቃል? በ64 ቢት አይፎኖች ላይ ፍተሻው ይወሳሰባል። የክላስ ጠቋሚው በቢቶቹ መካከል ሌላ መረጃ ስለሚይዝ መጣራት አለበት፤ አንዳንድ ትናንሽ ቁጥሮችና አጫጭር ጽሑፎችም በጠቋሚው ውስጥ ስለሚቀመጡ የራሳቸው አድራሻ የላቸውም። ይህን ሁሉ ያለፈ አድራሻ እንኳ አሁን የተለቀቀና ገና ያልተጻፈበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለረዳቱ ጥሬ አድራሻ ከመስጠት መለያ ቁጥር መስጠት ይሻላል። መሣሪያው ቁጥሩን ከኦብጀክቱ ጋር በደካማ ማጣቀሻ ያገናኘዋል፤ ኦብጀክቱ ሲለቀቅ ቁጥሩ ባዶ ይሆናል። ማጣቀሻው ጠንካራ ከሆነ ግን መሣሪያው ኦብጀክቱን እንዳይለቀቅ ይይዘዋል፤ የማህደረ ትውስታ መፍሰስን (የማያስፈልግ ኦብጀክት ሳይለቀቅ መቅረቱን) ለማግኘት የሚሞክር ሰውም መሣሪያው የፈጠረውን ፍሳሽ ሲያሳድድ ይውላል።

በአንድሮይድ ላይ ለጃቫና ለኮትሊን ኮድ የተሳሳተ አድራሻ ያን ያህል አያሰጋም፤ ኦብጀክቶቹን የሚያስተዳድረው ሥርዓቱ ራሱ ነው። ኦብጀክቱን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ሜተድ መጥራት ግን እዚያም ኮድ ማስኬድ ነው።

ረዳቱ የፈለገውን ሐረግ እንዲያስኬድ መፍቀድ የመተግበሪያውን ሥልጣን በሙሉ መስጠት ነው። ስለዚህ ንባብና ማስኬድ የተለያዩ መሣሪያዎች ይሁኑ፤ ሁለተኛው ሰው ሳይፈቅድ አይከፈት። ፕሮቶኮሉ አንድ መሣሪያ ንባብ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት አለው፤ ምልክቱ ግን መሣሪያውን የሚያቀርበው ሰርቨር ቃል እንጂ መቆለፊያ አይደለም። በክብ የተያያዙ ኦብጀክቶች መልሱን ማለቂያ እንዳያሳጡት የጥልቀትና የብዛት ገደብም ያስፈልጋል።

ከመተግበሪያው የሚወጣው መረጃ ሌላ ጣጣ አለው። በማህደረ ትውስታ ውስጥ የይለፍ ቃልና የመግቢያ ቶከን (ተጠቃሚው መግባቱን የሚያረጋግጥ ኮድ) በግልጽ ሊቀመጡ ስለሚችሉ፣ ረዳቱ ከማየቱ በፊት መሣሪያው ይሸፍናቸው። ሰው የጻፈው መልእክትም በኦብጀክት ውስጥ ይገኛል፤ «የቀደመውን ትእዛዝ ተው» የሚል ጽሑፍ በውይይት መዝገብ ውስጥ ቢያጋጥም ረዳቱ እንደ ትእዛዝ ሊወስደው ይችላል። ውጤቱ ሁልጊዜ እንደ መረጃ ተለይቶ መቅረብ አለበት፤ ይህም አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በመተግበሪያው ውስጥ የሚካተት የመርማሪ ሰርቨር 127.0.0.1 (በዚያው ማሽን ውስጥ ብቻ የሚደረስበት አድራሻ) ላይ ብቻ ያዳምጥ፤ ለተጠቃሚዎች በሚለቀቀው ቅጂ ውስጥ ደግሞ ኮዱ ጭራሽ አይካተት።