«ሲደርስ ራሱ ይተወዋል»፦ ስለ ጡጦና ኩባያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ልጁን እመዝናለሁ፣ እለካለሁ፣ ከዚያ «በምንድን ነው የሚጠጣው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ልጁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። እናትየው ጡጦ ከቦርሳዋ እያወጣች፣ ገና ምንም ሳልናገር፣ «ሲስተር፣ ሲደርስ ራሱ ይተወዋል» ትለኛለች። ይህችን አባባል በቀን ሦስቴ ካልሰማሁ ሥራ የገባሁ አይመስለኝም።

ይህችን አባባል ለብቻዋ አገኛታለሁ። በመጀመሪያ ትንንሾቹን የተሳሳቱ አመለካከቶች ላራግፋቸው።

«ኩባያ ለመጀመር ዓመት መሙላት አለበት።» የለበትም። ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር ኩባያም አብሮ ይጀምራል። ሁለት ፉት ውኃ ይበቃዋል። ዓላማው መልመድ እንጂ መጥገብ አይደለም።

«ጡት የሚጠባ ልጅ መጀመሪያ ጡጦ መልመድ አለበት።» ለምን ሲባል? ከጡት በቀጥታ ወደ ኩባያ ይሻገራል። በኋላ ልታስጥሉት የምትለፉበትን ነገር ለምን ታስይዙታላችሁ?

«ጡጦና ጆሮ ምን አገናኛቸው?» የሕፃን ጆሮና ጉሮሮ የሚገናኙበት ቱቦ አጭርና አግድም ነው። በጀርባው ተንጋሎ ሲጠጣ ወተቱ ወደዚያ ሄዶ ጆሮውን ሊያሳምመው ይችላል።

«ወተት ካልፈለገ ጁስ በጡጦ ልስጠው።» ዓመት ሳይሞላው ጁስ አያስፈልገውም። በጡጦ ደግሞ ከዓመት በኋላም አይሰጥም።

«ኩባያ ትን ያሰኘዋል።» ያለጊዜያቸው ተወልደው ጡት መሳብ ያልቻሉ ጨቅላዎች እንኳ በትንሽ ኩባያ ይመገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለእነሱ የሚመክረው ኩባያ ወይም ማንኪያ ነው። ትን የሚያሰኘው ኩባያው ሳይሆን አሰጣጡ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ኩባያውን የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉና ፈሳሹ ከንፈሩን እስኪነካ ድረስ ብቻ ዘንበል አድርጉት። አፉ ውስጥ አትገልብጡበት፤ እሱ ይሳበው። መጀመሪያ አካባቢ ሳል ሳል ቢለው አትደንግጡ። በጠጣ ቁጥር ትን የሚለው ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

«የወተት ጥርስ መውለቁ አይቀርም፣ ቢበሰብስ ምን ችግር አለው?» ይህን የሚሉኝን ሰዎች የጥርስ ሕመም አሟቸው ያውቅ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። ከወተት ጥርሶች መካከል አሥር ዓመት አልፎም አፍ ውስጥ የሚቆዩ አሉ። ለቋሚው ጥርስም ቦታ ይዘው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ልጅ ጡጦ አፉ ውስጥ እንዳለ ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፣ ጥርሱን የሚያጥብለት አይኖርም። ወተት ውስጥ ያለው ስኳር ሌሊቱን ሙሉ ለባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል። መጀመሪያ የሚጎዱት የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ናቸው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ድዱ ሥር ነጭ መስመር ካለ ጊዜ ሳታጠፉ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቡናማ እስኪሆን አትጠብቁ።

«የማይፈስ ክዳን ያለው ኩባያ ገዝቻለሁ፣ ተገላገልኩ።» አልተገላገላችሁም። ውስጡ ቫልቭ ያለበት ኩባያ ካልተጠባ ጠብታ አይሰጥም። ልጁ አሁንም እየጠባ ነው። እኔ «ጆሮ ያወጣ ጡጦ» እለዋለሁ። መንገድ ላይ ይጠቅማል፣ አልክድም። እቤት ግን ክፍት ኩባያ ወይም ስትሮ ይሁን።

አሁን ወደ እሷ እንምጣ።

«ሲደርስ ራሱ ይተወዋል።» እርግጥ ነው፣ ጡጦ ይዞ የተሞሸረ ሰው አላየሁም። ጥያቄው እስኪተወው ድረስ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ኩባያውን በስድስት ወር አካባቢ ጀምሩ፣ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ጡጦውን ጨርሳችሁ አስጥሉ ይላል። ይህ ዝም ብሎ የተቆረጠ ቀን አይደለም። የአንድ ዓመት ልጅ ጡጦውን ገና እንደ ዕቃ ነው የሚያየው፤ ብትቀይሩበት ቶሎ ይረሳል። በሁለት ዓመቱ ጡጦው ጓደኛው ሆኗል፤ ስም አውጥቶለታል፤ «እምቢ» የሚለውንም ቃል ተምሯል። ስለዚህ በቆያችሁ ቁጥር «መድረሱ» ይርቃል እንጂ አይቀርብም።

አንድ ጊዜ የሁለት ዓመት ልጅ መጣ። ገርጥቷል፣ ይነጫነጫል። «ምግብ ጨርሶ አልቀምስ አለ» አለች እናቱ፣ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መድኃኒት ፈልጋ። ጡጦዎቹን ቁጠሪልኝ አልኳት። ሲነሳ አንድ፣ ረፋድ ላይ አንድ፣ ከቀን እንቅልፍ በፊት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ሌሊት አንድ። እያንዳንዱ 240 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ሊትር ከ200! ይህን ሁሉ ወተት የያዘ ሆድ ምግብ የት ያስገባል? ከዓመት በኋላ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ከ700 ሚሊ ሊትር ማለፍ የለበትም። ወተት አይረን የለውም ማለት ይቻላል፣ ከሌላ ምግብ የሚገኘውንም እንዳይዋጥ ያውካል። ደሙ ሲመረመር ደም ማነስ ተገኘበት። ሐኪሙ አይረን አዘዘለት፣ ጡጦውንም አስጣለው። ሲመለሱ ልጁ ከእናቱ እጅ ብስኩት እየነጠቀ ነበር። የምግብ ፍላጎቱ የትም አልሄደም ነበር።

አሁን የራሴን ላጋልጥ። የመጀመሪያ ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀራት ጡጦ አልተወችም። እኔ፣ ይህን ሁሉ የማወራው ነርስ! የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ቤት ስገባ የምፈልገው መተኛት ብቻ ነበር፤ ጡጦው ደግሞ ያስተኛት ነበር። «ገና አልደረሰችም» እል ነበር። ያልደረስኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ስናስጥላት አንድ ሌሊት አለቀሰች። በሁለተኛው ሌሊት አባቷ አንጀቱ አልችል አለና ተደብቆ ጡጦ ሰጣት። ከዜሮ ጀመርን። በሚቀጥለው ሙከራ ሦስት ሌሊት አለቀሰች። በአራተኛው አሻንጉሊቷን አቅፋ ተኛች። ሦስት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ሦስት ሌሊት ነበር።

እና ምን ይደረግ? ከቀን ጡጦ ጀምሩ፣ ከእኩለ ቀኑ። እሱ ቶሎ ይረሳል። በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ቀንሱ፤ የመኝታው መጨረሻ ላይ ይቅር። ወተቱ ከምግብ ጋር፣ ተቀምጦ፣ በኩባያ ይሰጥ። ጡጦ እያንጠለጠለ ቤቱን አይዙር። ማታ ቅደም ተከተሉን ለውጡት፦ ወተት በኩባያ፣ ቀጥሎ ጥርስ ማጽዳት፣ ከዚያ ተረት ወይም እሹሩሩ። ከጥርስ በኋላ ውኃ ብቻ።

የመኝታውን ጡጦ አልለቅ ካለ፣ ዓመት ላለፈው ልጅ ጡጦ ውስጥ ያለውን ወተት በየቀኑ በውኃ እያቀጠናችሁ መጨረሻ ላይ ውኃ ብቻ አድርጉት። ጣፋጩ ወተት ኩባያው ውስጥ፣ ውኃው ጡጦው ውስጥ ከሆነ ልጅ ሞኝ አይደለም፣ ይመርጣል። ዓመት ላልሞላው ግን ይህን በፍጹም እንዳትሞክሩት! የዱቄት ወተት ከታዘዘው በላይ ማቅጠን የልጁን የደም ጨው ያዛባል፤ አደገኛ ነው።

ልጁ የታመመበትን፣ ቤት የቀየራችሁበትን ወይም አዲስ ሕፃን የመጣበትን ሳምንት እለፉት። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ይስማማ። አያትም፣ ሞግዚትም፣ አንጀቱ የማይችል አባትም።

«ወተቱ ቀነሰ፣ ሊከሳብኝ ነው።» የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይቀንሳል። ምግብ እየበላ፣ እየተጫወተና ዳይፐሩን እንደ ወትሮው እያራሰ ከሆነ ተረጋጉ። እርጎና አይብም ከወተት ነው የሚሠሩት። የመዋጥ ችግር ያለበት፣ ክብደቱ የማይጨምር ወይም የአፍ ክፍተት ይዞ የተወለደ ልጅ ግን የሚመራው በዚህ ጽሑፍ ሳይሆን በሐኪሙ ነው።

«ኩባያ ቤቱን ያጨማልቃል።» ይሄኛው እውነት ነው። ልብሱ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ እናንተ ላይ ይፈሳል። ገላውን ስታጥቡት በውኃ እንዲለማመድ ስጡት፤ እዚያ ቢደፋውም ግድ የለም። ገበታ ላይ ደግሞ ሁለት ፉት ብቻ ቅዱለት። ቢደፋም የሚደፋው ሁለት ፉት ነው።