የከሰል ከተማ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላይ «ከሰል» ሲባል ድንጋይ የሚታየው ሰው የለም። የሚታየን ማዳበሪያ ነው። አፉ በሳር የተወተፈ፣ ከአዊ በኩል በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል። ሰፈራችን ከሰል ለሚሸጡት እትዬ «ስለ ከሰል ከተማ እየጻፍኩ ነው» ብላቸው፣ «እንጅባራን ነው?» አሉኝ። ምን ይፈረዳል!

እኔ የምለው የድንጋይ ከሰል ከተማን ነው። ከመሬት በታች ላለ አንድ ነገር ብቻ ተብላ የተቆረቆረች ከተማ ማለት ነው። ያ ነገር ባይኖር ኖሮ ማንም እዚያ ቤት አይሠራም ነበር። 

መጀመሪያ ስለ ድንጋዩ። ጣና ዳር ደንገል የበቀለበት ረግረግ ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ታንኳ ሠሪዎቹ የሚያጭዱት ደንገል ከላይ ለምለም ነው። የአምናውና የካቻምናው ደግሞ ከታች ወድቆ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ውኃው አየር ስለሚከለክለው በደንብ አይበሰብስም። እንዲህ ያለ ረግረግ ላይ ደለል ሲከመርበት፣ ክብደትና ሙቀት ሲጫነው፣ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ይሆናል። የአዊ ገበሬ በቀናት ያከስላል፤ መሬት ግን አትቸኩልም።

ይህ ነገር እኛው አካባቢም ሆኗል። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ጭልጋ አለች። እዚያ የድንጋይ ከሰል አለ። በዚያው አካባቢ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የእንስሳት ቅሪቶች ተገኝተዋል፤ ከእነሱ መካከል የጥንት የዝሆን ዘመዶች አሉ። ከሰሉ ግን ሊግናይት የሚባለው ዓይነት ነው። ገና በደንብ ያልጠና፣ እርጥበትና አመድ የሚበዛበት።

ታዲያ ጭልጋ የከሰል ከተማ ናት? አይደለችም። ዋና ከተማዋ አይከል የኖረችው በእርሻና በገበያ፣ ወደ ሱዳን በሚያልፈው ንግድ ነው። ከሰል ስላለ ብቻ የከሰል ከተማ አይወለድም። ዕቃው ከባድ ነው። በአህያ ጭነህ ሩቅ አገር ብትወስደው ትርፉ ድካም ነው። አዋላጁ ባቡር ነው።

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አፓላቺያን ተራሮች ውስጥ ፖካሆንታስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጆች ናቸው።) አንድ ቀጥቃጭ ከቤቱ ጓሮ ከሰል እየቆፈረ ብረት ያግልበት፣ ለጎረቤትም ይሸጥ ነበር። ከሰሉ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ነበረው። ሰው ሳይጎነበስ ቆሞ የሚቆፍረው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሀብት እዚያው ተኝቶ ቆየ። 1881 ላይ ኩባንያ መጣ፤ በ1883 ባቡር ገባና ከሰሉ ወደ ውጭ መጫን ጀመረ። ጭሱ ትንሽ ስለሆነ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሳይቀር ለመርከቦቹ ይመርጠው ነበር።

ዓመት እንደሞላው፣ መጋቢት 1884፣ ጉድጓዱ ውስጥ ፍንዳታ ተነሳ። ቢያንስ 114 ሰው አለቀ። የከተማዋ መቃብር የተከፈተው በዚያ ጊዜ ነው። ገና ከተማ ሳትሆን መቃብሯ ሞላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የከሰል ከተማ ጠባይዋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስኳር ፋብሪካ ወይም የመንገድ ሥራ ካምፕ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በአፓላቺያን የከሰል ካምፖች ቤቱ የኩባንያው፣ ሱቁ የኩባንያው፣ ሐኪሙም የኩባንያው ነበር። አንዳንዱ ኩባንያ ገንዘብ ሳይቀር ራሱ ያትም ነበር። ስክሪፕ ይሉታል። ከዚያ ኩባንያ ሱቅ ውጭ እምብዛም አይሠራም። ሠራተኛው የሚከፈለው በቶን ነው፤ ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ የሐኪም፣ ድንጋዩን የሚያፈነዳበት ባሩድ ሳይቀር ይቆረጥበታል። እኛ ሰፈር ባለሱቁ ዋጋ ቢቆልል፣ የዱቤ መዝገቡን ዘግተን ማዶ እንሻገራለን። እዚያ ማዶ የለም። ማዶው ተራራ ነው።

የሠራተኞች ማኅበር ልግባ ያለ ሠራተኛ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ያጣል። በ1920 ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሜትዋን በምትባል ከተማ የኩባንያ ቅጥረኞች ቤተሰቦችን ከነዕቃቸው ሲያስወጡ ዋሉ። ያን ዕለት መንገድ ላይ ተኩስ ተነሳና ከንቲባውን ጨምሮ 10 ሰው ሞተ። ሠራተኛው ደሞዝ ብቻ ጠይቆ ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ ብሎ የሚገርመው ሰው ካለ፣ ቤቱን ማን እንደያዘበት ይመልከት።

ባሕር ዳርም በ1961 በጣሊያን የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቆምላት ትንሽ ወደዚያ አዝማሚያ ነበራት እላለሁ። ግን ጣና አለ፣ ዓባይ አለ፣ የጎንደር መንገድ አለ፤ ትምህርት ቤቱም ተከተለ። አንድ ፋብሪካ ቢደክም ከተማዋ የምትሄድበት ሌላ እግር ነበራት። ፖካሆንታስ አልነበራትም። ማዕድኑ በ1955 ተዘጋ። በ2010 በተደረገው ቆጠራ የቀራት ሰው 400 አይሞላም ነበር። ከ1938 ጀምሮ ለጎብኚ የተከፈተ አንድ የጉድጓድ ክፍል አላት፤ ቱሪስት እየገባ ግድግዳውን ይዳስሳል።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ለመሆኑ ጀበና ይጣድበታል?» አሉ።

«የጭልጋው ይሸታል፤ ጭሱም ቤት ውስጥ አይሆንም» አልኳቸው። «እኛ አገር በብዛት የሚፈልጉት ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ናቸው።»

«በል ይውሰዱት» ብለው ከማዳበሪያው ሥር የቀረውን ድቃቂ መንፋት ጀመሩ።