ዶሮ በሩዝ በኦቨን፦ የጅማ የሐሙስ እራት

ዶሮ በሩዝ በኦቨን ማለት ጥሬ የዶሮ ብልትና ጥሬ ሩዝ በአንድ ትሪ አብረው ገብተው አብረው የሚወጡበት እራት ነው። ቆሞ ሽንኩርት የሚያቁላላ የለም። እንጀራም አያስፈልገውም። ጅማ ውስጥ የጸና ስም የለውም፤ አንዱ ቤት «ሩዝ በዶሮ» ይባላል፣ ሌላው ቤት «የኦቨን ሩዝ»። አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ጎረቤት ደግሞ «ከብሳ» ትለዋለች።

እውነቱን ለመናገር ከብሳ አይደለም። ለከብሳ ዶሮው መጀመሪያ በቅመም ይቀቀላል፤ ሩዙ የሚበስለው በመረቁ ነው፤ ዶሮው ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ኦቨን ገብቶ ቀላ ይላል። የእኛው ትሪ ይህን ሁሉ እርምጃ አንድ ላይ የጨፈለቀ ሰነፍ ዘመድ ነው። የተወደደውም በስንፍናው ነው።

ሩዝ ወደ ጅማ ማጀት የገባው በብዙ በር ነው። ከተማዋ ከጥንትም የነጋዴ ከተማ ናት። በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ያስተናግድ ነበር። የየመን አረቦችም ሱቅ ከፍተው እዚሁ ኖረዋል፤ አረብ ባለበት ደግሞ ሩዝ በሥጋ አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ ከጅማ ዞን ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የአረብ አገሮች ለሥራ የሄዱ ብዙ ሴቶች ሙያ ይዘው ተመልሰዋል። ሩዝ ፍሬ በፍሬ ሆኖ እንደሚበስል፣ ትሪም እንደሚሸፈን ለሰፈሩ ያሳዩት በአብዛኛው እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሐሙስን ከርዕሱ ያስገባሁት በምክንያት ነው። የጅማ ዋናው የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። በኦርቶዶክስ ቤት ደግሞ ሐሙስ በረቡዕና በዓርብ ጾም መካከል የተሰነቀረች የፍስክ ቀን ናት። ከየገጠሩ የመጣ ዶሮ እንደ ልብ የሚመረጥበትና ሥጋ የሚበላበት ቀን አንድ ላይ ገጠሙ ማለት ነው። ሐሙስ ወደ ማታ ባጃጅ ውስጥ ከእግር ሥር ክንፉን የሚያራግብ ዶሮ ማየት የተለመደ ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሲቪል ሠራተኛ፣ አስተማሪ ወይም ነርስ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ባልም ሚስትም ደሞዝተኛ የሆኑበት፣ አንዳቸው የሌሊት ተረኛ የሚሆኑበት ቤት በከተማው እየበዛ ሄደ። እንዲህ ዓይነት ቤት በሥራ ቀን ዶሮ ወጥ አይሠራም። አይችልምም።

ዶሮ ወጥ ሰዓት የሚበላው አለምክንያት አይደለም። የአበሻ ዶሮ ለመታረድ እስኪደርስ ወራት ይወስድበታል። ሲሮጥ፣ ሲጭር፣ አጥር ሲዘል ያደገ ነው። ጡንቻውን የሚያያይዘው ጅማት ጠንክሯል። ጠንካራ ጅማት የሚለሰልሰው ደግሞ በእርጥብ ሙቀት ረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው። ወጡ ለዚህ ዶሮ የተሰፋ ልብስ ነው ቢባል ያስኬዳል። ብሮይለር የሚባለው የፈረንጅ ዶሮ ግን ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ ይታረዳል። ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ወጥ ውስጥ ቢገባ ይፈራርሳል፤ ኦቨን ውስጥ ግን ቦታው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት ከገበያ ባመጣሁት፣ ቀይ ላባ ባለው የገጠር አውራ ነበር። ላባው ልብ ይሰርቃል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ትሪውን ሳወጣ ከላይ ወርቅ መስሏል። እንግዶቹ ፊት አንዱን ታፋ በሹካ ወጋሁት፤ ሹካው ተመለሰ። ሩዙ ደግሞ ከሥር ገንፎ ሆኖ፣ ከላይ ያለው እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። አማቴ ምንም አላሉም። ዝም ብለው ሩዙን ወደ ዳር ገፋ ገፋ አደረጉና ሰላጣውን በሉ። ከዚያ ወዲህ የአበሻ ዶሮ ከሆነ ቀድሜ በጨውና በዝንጅብል አንድ ሰዓት ያህል እቀቅለዋለሁ። መረቁ ለሩዙ ውኃ ይሆናል። ያኔ ነገሩ ወደ እውነተኛው ከብሳ ይጠጋል፣ «ቀላል» የሚለውን ስሙን ግን ያጣል።

ሩዙን ያበላሸው ግን ዶሮው አልነበረም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኦቨኑ 200 ዲግሪ ቢሆንም፣ ሩዙ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ከ94 አያልፍም። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተጻፈ የማብሰያ ሰዓት እዚህ ያጥራል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ትሪው ውስጥ የሚገባው ውኃ የፈላ ይሁን፣ ክዳኑ ደግሞ እንፋሎት አያሳልፍ። ቀዝቃዛ ውኃ ከገባ ኦቨኑ ግማሽ ሰዓቱን የሚያጠፋው ውኃ በማሞቅ ነው፤ በዚያ መሃል የታችኛው ሩዝ ውኃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ የላይኛው ይራባል። የእኔው ትሪ ታሪክ ይኸው ነበር።

ሱቅ ውስጥ ባስማቲም የአገር ውስጥ ሩዝም ይገኛል። ባስማቲ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ተነጣጥሎ ይበስላል። የአገራችን ሩዝ ስሙ የገነነው በፎገራ ነው፤ በ1970ዎቹ በጣና ዳር ተሞክሮ ከዚያ ተስፋፋ። ከጅማ የሚቀርበው ደግሞ በቡኖ በደሌ ዞን ያለው የጨዋቃ ሩዝ ነው። ከሐረርጌ መጥተው የሠፈሩ ገበሬዎች ጥሩ አድርገው ያመርቱታል። የአገር ውስጡ አጠር ያለና የሚጣበቅ ስለሆነ ውኃው እስኪጠራ አራት አምስት ጊዜ መታጠብ አለበት፤ ጠጠርም መልቀም አይዘነጋ። የሚጣበቅ ሩዝ ለለመደ አፍ ይህኛው ይጥማል። እኔ ግን ለትሪ ባስማቲን እመርጣለሁ፤ ስሳሳት ይቅር ይለኛል።

አሠራሩ ለአምስት ስድስት ሰው እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል የሚደርስ ብሮይለር በየብልቱ ተቆርጦ ይዘጋጃል። እዚህ ላይ አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት ግድ አይደለም፤ ስምንት ይበቃል። ታፋና ቅልጥም ከፈረሰኛ ይሻላሉ፣ ቶሎ አይደርቁም። በጨው፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ በተደቆሰ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በአንድ ሎሚ ይታሻል። ኦቨኑ ወደ 200 ዲግሪ እየሞቀ ሳለ ሁለት ራስ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ትሪው ላይ ይበተንና አሥር ደቂቃ ይገባል። ቁሌቱን ኦቨኑ ሠራልን ማለት ነው። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው ሩዙ ጥሬ ሽንኩርት ሽንኩርት ይለዋል።

ከዚያ ሁለት ኩባያ የታጠበ ሩዝ፣ አንድ የተከተፈ ቲማቲምና አንድ ካሮት ሽንኩርቱ ላይ ይደለደላል። ሦስት ኩባያ ተኩል የፈላ ውኃ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ይፈስበታል። የአገር ውስጥ ሩዝ ከሆነ ውኃው ሩብ ኩባያ ይቀነስ። ዶሮው ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ይደረደራል። ከዚያ ፎይል። የትሪው ጠርዝ ዙሪያውን በጣት ተጫን ተጫን ይደረጋል፤ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ሩዙን ያስጠማዋል። የፎይሉ የሚያብለጨልጨው ወገን ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚለው የሰፈር ክርክር ለምግቡ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ተሸፍኖ 45 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ፎይሉ ተነሥቶ ቆዳው እስኪቀላ 15 ወይም 20 ደቂቃ። ፎይሉ ሲነሣ ፊትን ማራቅ ነው፤ እንፋሎቱ አይምርም። መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ የኮረሪማው ነው፣ ቀጥሎ የዶሮው ስብ። ከታፋው አጥንት አጠገብ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ቀይ ከሆነ አልበሰለም፤ ጥርት ካለ ብዙ ጊዜ ደርሷል። ቴርሞሜትር ያለው 74 ዲግሪን ይይ። ወጥቶም አሥር ደቂቃ ይረፍ። ማታ 12 ሰዓት ቤት የገባ ሰው አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ይበላል፤ ከዚያ ውስጥ ቆሞ የሚሠራው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። በቀረው የልጅ የቤት ሥራ ይታያል፣ ቡናም ይቆላል።

ስለ ዶሮው ማጠብ አንድ ቃል። ቧንቧ ሥር በኃይል የሚታጠብ ጥሬ ዶሮ ጀርሙን በሳህኑም በሰላጣውም ላይ ይረጫል። በሎሚና በጨው ማጠብን የሚያስተወን የለም፤ እንግዲያውስ ሰፋ ባለ ሳህን ውስጥ ቀስ ተብሎ ይደረግና ቦታው በሳሙና ይታጠብ።

ቅመሙ ላይ ጅማ ዕድለኛ ናት። ኮረሪማ የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ደን ልጅ ነው። እርድ፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ በዕፅዋት አመዳደብ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አንድ ትሪ ላይ የማይጣሉትም ለዚህ ይሆናል። ኮረሪማው ከነቅርፊቱ ሳይሆን ፍሬው ወጥቶ በዚያው ሰዓት ቢወቀጥ ይመረጣል፤ የተፈጨው ቆይቶ ሽታው ይበናል። በርበሬ የሚፈልግ ከሩዙ ጋር ይደባልቀው። ዶሮው ላይ ከተነሰነሰ በደረቅ ሙቀት አርሮ ይመርራል። ለማባያ ቆጭቆጫ አለ፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ብቻም ይበቃዋል። ከጎን ደግሞ የጅማ አቮካዶ በሎሚና በሽንኩርት። ሌላ ሰላጣ አልፈልግም።

ኦቨን የሌለው ቤት ብዙ ነው፣ ያለውም መብራት ሲጠፋበት እኩል ይሆናል። ለዚህ አገሩ የቆየ ብልሃት አለው። ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎበት አይደለም የሚበስለው? ወፍራም ድስት ከሰል ላይ ተጥዶ፣ ብረት ክዳኑ ላይ ፍም ሲደረግበት ያው ኦቨን ነው። ከሥር እሳቱ ያነሰ፣ ከላይ የበዛ ይሁን፤ አለዚያ ሩዙ ያርራል። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ደግሞ ኦቨኑን መክፈት አያስፈልግም። ሙቀቱ ጥቂት ይቆያል። ሃያ ደቂቃ አልፎ ካልመጣ ግን ወደ ከሰሉ ማዛወር ነው።

ጅማ ላይ እንግዳ የሚጠራ ሰው ከአሠራሩ በፊት የሚያስበው ሌላ ነገር አለ፦ ማን ያርድ? ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያኑም እንዲሁ። የቆየው ደንብ ቀላል ነው። ዶሮውን ለእንግዳው ወይም ለጎረቤቱ ሰጥቶ ማሳረድ፣ ትሪውንም ለይቶ መያዝ። ሁለት ትንንሽ ትሪ ጎን ለጎን አንድ ኦቨን ውስጥ ሲገቡ አይቻለሁ፤ አንዱ ፎይል ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበት። በጾም ደግሞ በዶሮው ቦታ ድንችና የተቀቀለ ሽምብራ ይገባል፤ እርድና ኮረሪማው አይቀየርም።

የተረፈ ሩዝ ጠረጴዛ ላይ ማደር የለበትም። ሩዝ ውስጥ የሚኖረው ባሲለስ ሴሪየስ የተባለ ባክቴሪያ ዘሩ ምግብ ሲበስል አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ከቆየ ይራባል፣ የሚተወውን መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሳሳ ተደርጎ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝና ፍሪጅ ይግባ።

የሐሙስ እራት ትርፍ ግን ለብቻው ፈተና አለው። ነጋ ማለት ዓርብ ነው፤ አዋቂው ይጾማል። ለሙስሊም ጎረቤት እንዳይሰጥ ያረድነው እኛ ነን። እኛ ቤት ዓርብ ጠዋት ትሪው ጥግ ላይ ቀልቶ የተጣበቀው ሩዝና አንዲቷ ክንፍ የትንሹ ልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ይገባሉ። ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም፤ እሱም ያውቀዋል።