«ቤሬኒስ» ምንድን ነው?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 25 ከወንድሟ ከንጉሥ አግሪጳ ጋር ወደ ቂሳርያ የወረደችውን በርኒቄን ታስታውሷት ይሆናል። ጳውሎስ በሰንሰለት ታስሮ ሲናገር ተቀምጣ የሰማችው ናት። ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ዣን ራሲን እ.ኤ.አ. በ1670 ስለዚህችው ሴት ባለ አምስት ገቢር ትራጄዲ በግጥም ጻፈ። «ቤሬኒስ» ማለት እሱ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ70 ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ሮማዊው ቲቶ ከዚህች አይሁዳዊት ንግሥት ጋር ይዋደዳል። አባቱ ሲሞት ንጉሠ ነገሥት ይሆናል። እሷ አሁንማ ያገባኛል ብላ ትጠብቃለች። ሮም ግን የባዕድ ንግሥት አትፈልግም። ይለያያሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ትራጄዲ ሲባል ሞት እንጠብቃለን። እዚህ ማንም አይሞትም። ራሲን በመቅድሙ ላይ ደምና ሞት የግድ እንዳልሆነ፣ ግርማ ያለው ሐዘን እንደሚበቃ ተከራክሯል። እኔም እስማማለሁ።

አምስቱን ገቢር የሚሞላው አንድ ነገር ነው፤ ቲቶ ቁርጡን መናገር ያቅተዋል። ፊቷ ቆሞ «ሮም... መንግሥቱ...» ይልና ሳይጨርስ ይወጣል። ከዚያ ወዳጁን አንጥዮኮስን «ሄደህ ንገርልኝ» ይለዋል። የኮማጌኔ (በሶርያ አጠገብ የነበረች ትንሽ መንግሥት) ንጉሥ የሆነው አንጥዮኮስ ደግሞ እሷን በድብቅ ሲወድ ዓመታት የቆጠረ ሰው ነው! መርዶውን ሲያደርስ አታምነውም፤ ዳግመኛ ዓይኔ እንዳያይህ ብላ ታባርረዋለች። በመጨረሻ ቲቶ ራሱ ይነግራታል፣ እያለቀሰ። ክፉ ሰው የለበትም። ሦስቱም ጨዋ ናቸው፣ ሦስቱም ይጎዳሉ። ልብ የሚሰብረው ይህ ነው። ሁለቱ ወንዶች እንሙት ሲሉ የምታስቆማቸው እሷ ናት። ኑሩ ትላቸዋለች፣ እሷም ትሄዳለች።

ተውኔቱ በፓሪስ ኦቴል ደ ቡርጎኝ ቲያትር ቤት በታየ በሳምንቱ፣ አንጋፋው ጸሐፌ ተውኔት ፒየር ኮርኔይ በዚያው ታሪክ ላይ የጻፈውን ተውኔት በኮሜዲ ጸሐፊው በሞሊየር የተዋንያን ቡድን አቀረበ። ኮርኔይ የቲቶን ወንድም ዶሚቲያንንና ዶሚቲ የተባለች ሴት ጨምሮ የፍቅሩን ገመድ አወሳሰበው። ተመልካቹ ያዘነበለው ግን ወደ ራሲን ነበር።