ፋንፋራ፦ የሞልዳቪያ መንደሮች የሠርግ ባንድ

ፋንፋራ በሩማንያ ገጠር ሠርግ የሚያደምቅ የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ነው። አገሩ ሰሜን ምሥራቁ የሞልዳቪያ ክፍል ነው፤ ጎረቤቷ ሞልዶቫ ሌላ ሀገር ናት። ዋናዎቹ መሣሪያዎች ትራምፔት፣ ቴነር ሆርንና ቱባ ናቸው። ክላርኔትና ሳክስፎንም ይገባሉ። ትልቁ ከበሮ ላይ ሲምባል ይታሰርና አንድ ሰው ሁለቱንም ይመታል።

መሣሪያዎቹ ወደ መንደር የዘለቁት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከወታደር ማርሽ ባንዶች ነው። የኦቶማን ይበልጣል ወይስ የኦስትሪያ ተጽዕኖ? እስካሁን ያከራክራል። የሙያው ባለቤቶች ግን በአብዛኛው ሮማዎች (ጂፕሲ ሲባሉ የኖሩት ሕዝብ) ናቸው፤ ይህ አያከራክርም። በሞልዳቪያ እስከ 1855 እ.ኤ.አ. በባርነት የኖሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። ኖታ ሳያዩ፣ በጆሮ ብቻ፣ ከአባትና ከአጎት ይማሩታል። በኮሚኒስት ዘመን ብዙዎቹ ሳምንቱን በእርሻና በፋብሪካ ውለው ሠርግ የሚሄዱት ቅዳሜና እሑድ ነበር።

ሕዝቡ ኦርቶዶክስ ስለሆነ በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም። ጾሙ ሲፈታ ባንዱ ፋታ ያጣል። ጠዋት ሙሽራው ፂሙን ሲላጭ አጠገቡ ቆመው ይነፋሉ። ከዚያ ሙሽሪትን ለማምጣት፣ ቀጥሎም ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰልፉን እየመሩ በእግር ይሄዳሉ። ግቢው ውስጥ ሆራ የተባለው ጭፈራ ይጀመራል፤ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ይሠራል። ሳርባ የተባለው ጭፈራ ሲመጣ ፍጥነቱ እግር ያስጥላል። ደስ ያለው እንግዳ ብር አውጥቶ የነፊው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ሰውየው ላቡ እየወረደ፣ ጉንጩ እንደተነፋ፣ ዜማውን አያቋርጥም። ሌሊት የሙሽሪት ዓይነ ርግብ ወርዶ ሻሽ ሲታሰርላት ሙዚቃው ይረግባል። ብዙ ሴቶች የሚያለቅሱት እዚህ ላይ ነው።

ከመንደሮቹ ሁሉ ስሟ የገነነው በያሺ አውራጃ ያለችው ዜቼ ፕራዢኒ ናት። ነዋሪዋ 400 ገደማ ቢሆን ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ኤርንስት የተባለ ጀርመናዊ የድምፅ ባለሙያ እዚያ ደርሶ ሲሰማቸው ባለበት ቀረ። ፋንፋሬ ቾካርሊያ የተባለው ዝነኛ ባንድ የተመሠረተው ያኔ ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1998 ወጣ። በ2006 የቢቢሲ ሬዲዮ 3ን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበሉ፤ የባንዱ አባት ዮዋን ኢቫንቻም በዚያው ዓመት አረፉ። ክላርኔታቸውን ልጃቸው ኦፕሪካ ይዞታል።

አሁን ብዙ ደጋሽ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና ዘፋኝ ይቀጥራል፤ ከአሥር ነፊ ይረክሳል። ኪቦርድ ግን መብራት ይፈልጋል፣ መንገድም አይሄድም። ሙሽሪት ከአባቷ ደጅ ስትወጣ የሚጠራው አሁንም ፋንፋራው ነው።