ልጁ እኩል ስላደረ ቀለብ ይቀራል? በእስራኤል ስለ ጋራ አሳዳጊነት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ሰባት ዳኞች ተሰይመው፣ በመዝገብ ቁጥር 919/15 ልጆቻቸውን በጋራ የሚያሳድጉ የተለያዩ አይሁዳውያን ወላጆች የቀለብ (መዞኖት) አከፋፈል ላይ ትልቅ ለውጥ አደረገ። ቀደም ሲል ከ6 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ መሠረታዊ ፍላጎት ኃላፊው በመርህ ደረጃ አባት ብቻ ነበር፤ ልጁ ግማሹን ሳምንት እሱ ዘንድ ቢያድርም፣ እናት የተሻለ ገቢ ቢኖራትም። ከውሳኔው ወዲህ ሁለቱም እንደ አቅማቸው ይካፈላሉ። ለእኔ ይህ ተገቢ ለውጥ ነው። በየሰፈሩ የሚወራው ግን ሌላ ነው፤ ወሬውን አምኖ መክፈል ያቆመ አባት መጨረሻው ዕዳ ነው።

«ልጁ እኩል ካደረ ማንም ለማንም አይከፍልም»

በብዛት የምሰማው ይህን ነው፤ ስህተት ነው። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የሌሊቱን ቁጥር ብቻ አይደለም፣ የሁለቱን ገቢም ያመዛዝናል። ገቢ ሲባል ደግሞ የደመወዝ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይም ሆነ ሌላ ምንጭ ይታያል።

በቁጥር እንየው። አባት በወር 12,000፣ እናት 6,000 ሸቀል እጃቸው ይገባል እንበል። ልጃቸው 8 ዓመቱ ነው፣ ጊዜውን እኩል ይከፍላል። ለምግብና በየቤቱ ለሚወጡ መሰል ወጪዎች በወር 1,800 ሸቀል ያስፈልገዋል። ከጠቅላላው ገቢ ሁለት ሦስተኛው የአባት ስለሆነ የእሱ ድርሻ 1,200፣ የእሷ 600 ነው። ግን እያንዳንዱ ቤት 900 ያወጣል፤ ስለዚህ አባት ለእናት 300 ይሰጣል። ልብስና የትምህርት ቤት ክፍያን የመሳሰሉት ልጁ የት አደረ ከሚለው ጋር አይያያዙም። እነዚህ 900 ቢደርሱና የምትገዛውና የምትከፍለው እናት ብትሆን፣ አባት ሌላ 600 ይጨምራል። በድምሩ በወር 900 ሸቀል ማለት ነው፣ «እኩል ነን» እየተባለ። የመኖሪያ ቤት ወጪ ደግሞ ለብቻው ይታያል። ገቢያቸው የተገላቢጦሽ ቢሆን ከፋይዋ እናት ልትሆን ትችላለች።

«ውሳኔው ለሁሉም ልጆች ነው»

አይደለም። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሠረታዊ ፍላጎት ኃላፊነቱ አሁንም የአባት ነው። በ1962 የወጣው የአሳዳጊነት ሕግም ለየት ያለ ምክንያት ከሌለ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር ይሁን ይላል። ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ ከ2017 በፊትም መካፈል ነበረ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው። ልጁ 6ኛ ልደቱን ባከበረ ማግስት የሚበላውም የሚለብሰውም ያው ነው፤ የወላጆቹ ሒሳብ ግን እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ክርክሩም አብሮ ይመጣል። የቀለብ ሕጉ የ1959 ነው። በፕሮፌሰር ሺፍማን የተመራው ኮሚቴ በ2012 የሁለቱም ወላጆች ገቢና ልጁ ከእያንዳንዳቸው ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ መሠረት እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ለውጡ ግን የመጣው በዳኞች ብዕር እንጂ በክኔሴት (በእስራኤል ፓርላማ) ሕግ አይደለም፤ ስለዚህ ለዳኛው ሚዛን የተተወው ብዙ ነው። ግልጽ ስሌት በሕግ ቢጻፍ ጠበቃ የመቅጠር አቅም የሌለው ወላጅ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እስከዚያው ድረስ ትንሽ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጁ 6 ሲሞላ ምን እንደሚሆን ከአሁኑ በስምምነታችሁ አስጽፉ።

«የድሮ ፍርዴ በራሱ ተሽሯል»

የቆየ ፍርድ በራሱ አይለወጥም። ሁኔታዬ ተለውጧል የሚል ሰው ማመልከት አለበት፤ ፍርድ ቤቱ እስኪለውጠው ድረስ በየወሩ ያልተከፈለው ሁሉ ዕዳ ነው። ጉዳዩ ሆጻአ ለፖአል (የፍርድ ማስፈጸሚያ መሥሪያ ቤት) ከደረሰ ከአገር የመውጣት እገዳ ሊጣል ይችላል። ለሰርግ ወይም ለለቅሶ አዲስ አበባ ለመሄድ ትኬት ቆርጦ አየር ማረፊያ ላይ መመለስ ከባድ ነው።

«ልጆቼን ስላላሳየችኝ አልከፍልም»፣ «ስላልከፈለ አላሳየውም»

ሁለቱም አይሆንም። ቀለቡም ጉብኝቱም የልጁ መብት ነው፤ ማስተካከል የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። አባት የማይከፍል ከሆነ፣ በእጇ ፍርድ ያላት እናት ለቢቱዋህ ሌኡሚ (ለብሔራዊ መድን ተቋም) ማመልከት ትችላለች፤ ገቢዋ ይመረመራል፣ ተቋሙም ገንዘቡን ከአባት ይጠይቃል።

«ሽማግሌዎች ፊት ተስማምተናል፣ ይበቃል»

የሽማግሌና የቄስ እርቅ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ስንት ቤት ከጥላቻ አድኗል። ሆኖም ልጅን የሚመለከት ስምምነት በቤተሰብ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ወይም በራቢዎች ፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት። ካልጸደቀ አንዱ ቃሉን ሲያጥፍ ማስፈጸሚያ የለም። ደግሞም ልጁ የስምምነቱ ወገን አይደለም፤ ጥቅሙ በሚገባ ካልታየ በራሱ ስም ቀለብ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ያስታረቁትን በጽሑፍ አስፍራችሁ ለፍርድ ቤት አቅርቡት። ክፍያውም ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን በባንክ ይተላለፍ፤ የገዛችሁለት ጫማም ሆነ ምሳ ከቀለቡ የሚቀነሰው በጽሑፍ ከተስማማችሁ ብቻ ነው።