ፋስት ስታርታፕ ምንድን ነው? አልጠፋ ያለ ላፕቶፕ ጉዳይ

«ዊንዶውስ ካስቀየርኩ ወዲህ ላፕቶፔ አልጠፋ አለ።» ጎንደር ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆች ይህን አቤቱታ በደንብ ያውቁታል። ሻት ዳውን ሲባል ስክሪኑ ይጨልማል። የፓወሩ መብራት ግን እንደበራ ነው፤ ፋኑም መዞሩን አላቆመም። ባለቤቱ ጠፋ ብሎ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ደርሶ ሲያወጣው እቃው እንደ እሳት ግሏል፤ ባትሪውም አልቋል።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ። የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተሰብ ፎቶ በከንቱ የሚጠፋው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፋስት ስታርታፕ የሚባለውን ነገር እዩት።

ፋስት ስታርታፕ ከዊንዶውስ 8 ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣ አሠራር ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥም አለ። ይህ ነገር በርቶ ሳለ ሻት ዳውን ስትሉ ዊንዶውስ ሁሉንም አይዘጋም። የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል፣ ከአካውንታችሁ ይወጣል። ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ከነድራይቨሮቹ (እያንዳንዱን እቃ ከሲስተሙ ጋር ከሚያገናኙት ፕሮግራሞች ጋር) እንዳለ ዲስኩ ላይ አንድ ድብቅ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍኖ እንደማደር ነው። ጠዋት ስታበሩት ከዜሮ አይጀምርም፤ ያንን ፋይል አንብቦ ቶሎ ይነሳል።

በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን ንኩ። ከታች «አፕ ታይም» የሚል ቆጣሪ አለ። ማታ ሻት ዳውን ተደርጎ ያደረ ኮምፒውተር ጠዋት ላይ «ሦስት ቀን ሠርቻለሁ» ሊላችሁ ይችላል። ሪስታርት አድርጉትና ተመልሳችሁ እዩ፤ ከዜሮ ይጀምራል። ሪስታርት ፋስት ስታርታፕን አይጠቀምማ! ብዙ ሰው ሻት ዳውን ከሪስታርት የበለጠ ያጠፋል ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው።

ታዲያ ችግሩ አፕግሬድ ሲደረግ ለምን ይመጣል? ምክንያቱ ድራይቨር ነው። ከርነሉ ተቀምጦ እንዲያድር እያንዳንዱ ድራይቨር እቃውን በሥርዓት ማስተኛት አለበት። ለዊንዶውስ 7 ወይም 8 የተሠራ ላፕቶፕ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን አንዱ ድራይቨር ከእቃው ጋር ላይስማማ ይችላል። እሱ ካልተኛ ማሽኑም አይጠፋም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ በብዙ ላፕቶፖች ላይ የታየው ይኸው ነበር። ጥፋተኛው ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባለው የኢንቴል ድራይቨር ሆኖ ተገኘ። አዲሱን ቨርዥን 11 ከማሽኑ ላይ አጥፍቶ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ቨርዥን 9 ወይም 10 መጫን ብዙዎቹን አስተካክሏል።

አሁን ፋስት ስታርታፕን ማጥፋቱ። ኮንትሮል ፓነል ክፈቱ፣ ፓወር ኦፕሽንስ ግቡ። በግራ በኩል «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» የሚለውን ንኩ። ከታች ያሉት ምርጫዎች ደብዝዘው አልነካ ካሉ ከላይ «ቼንጅ ሴቲንግስ» ብሎ የሚጀምረውን መስመር ተጫኑ። ከዚያ «ተርን ኦን ፋስት ስታርታፕ» ላይ ያለውን ምልክት አንሱና ሴቭ አድርጉ። ምርጫው ጭራሽ ከሌለ ፋስት ስታርታፕ የሚመረኮዝበት ሃይበርኔት (ሥራን ዲስክ ላይ አስቀምጦ የማጥፋት አሠራር) ተዘግቷል ማለት ነው፤ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ኪሳራው ትንሽ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ያለው ማሽን ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ ነው። አሮጌ ሀርድ ዲስክ ያለው ግን መዘግየቱ ይታወቃል። ለእኔ ሳጠፋው በትክክል የሚጠፋ ኮምፒውተር ይበልጥብኛል። ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ለጫናችሁ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ፋስት ስታርታፕ በርቶ ሳለ ኡቡንቱ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ለማንበብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል፤ ፋይል መጻፍ አይቻልም።

ፋስት ስታርታፕ ጠፍቶም ማሽኑ እምቢ ካለ የቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱን ዋና ቺፖች) ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። እስከዚያው የፓወር በተኑን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ልማድ አታድርጉት። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ፋይል ይበላሻል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ማስነሻ ፕሮግራም) አፕዴት አድርጉ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መብራቱን አስቡት። አፕዴቱ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አትንኩት።